ከጋሽ ይርጋ ኋላ የሚሮጠው

ባለፈው የብርድ ወራት በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ሳነብ አንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጉንፋን ይዞት ይሆናል፣ ደረቱን በካንፎራ ቅባት ታሽቶ ነበር። ሽታው ካፖርቱን አልፎ መጣ። አፍንጫ የሚቆነጥጥ፣ ዓይን የሚያቀዘቅዝ ሽታ ነው። የማነበውን መስመር ሳልጨርስ ጣቴን ገጹ ላይ እንዳሳረፍሁ ቀረሁ። ከዚያ ሳላስበው ጆሮዬን ወደ ኋላ አቀናሁ። ከወንበሬ ጀርባ የሚመጣ የእግር ኮቴ እየጠበቅሁ ነበር።

በልጅነቴ የቤታችን ሽታ ይህ ነበር። ቤቱ ሮማ፣ ፒኜቶ ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡር ድልድዩ ወረድ ብሎ ነው፤ እናቴና ጓደኞቿ ተጋርተው የተከራዩት፣ ረጅም ኮሪደር ያለው የሦስተኛ ፎቅ ቤት። ጓደኞቿ ሁሉ ሰው ቤት እያደሩ የሚሠሩ ስለነበሩ የሚመጡት ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው። በእነዚያ ቀናት ቤቱ በወሬና በሳቅ፣ በፀጉር ቅባትና በሽንኩርት ቁሌት ይሞላል። በሌሎቹ ቀናት ግን አልጋዎቻቸው እንደተነጠፉ፣ ነጠላ ጫማዎቻቸው ከየአልጋው ሥር እንደተደረደሩ፣ ባለቤቶቹ ድንገት የተሰወሩ ይመስል ዝም ብለው ይቆያሉ። እናቴ የምትሠራው በሰዓት ሒሳብ፣ አድ ኦሬ የሚሉት ዓይነት ስለነበር እኔና እሷ ሁልጊዜ እዚያው ነን። ሌላው የዘወትር ነዋሪ ጋሽ ይርጋ ነበር።

ጋሽ ይርጋ የእትዬ ዘነበች ታናሽ ወንድም ነው። እትዬ ዘነበች ፓሪዮሊ ሰፈር አንዲት ሲኞራ ቤት የምታድር፣ ከሴቶቹ ሁሉ ይልቅ የምትስቅ ሴት ነበረች። እሱ ቁጥብ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ ከአዲስ አበባ ሸሽቶ፣ ሱዳን ከርሞ፣ እህቱ ባወጣችለት ወረቀት ሮማ ገባ። ቀን ቀን ካሲሊና መንገድ ላይ ጎሚስታ ቤት ጎማ ይቀይራል። ከኩሽናችን አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ሁለት አልጋ ዘርግቶ ነበር። አንዱ የራሱ ነው፤ ሌላው የታናሽ ወንድማቸው የምንተስኖት። ምንተስኖት የት እንዳለ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ሁለቱ ወንድማማቾች አብረው ሲሸሹ መንገድ ላይ ተጠፋፍተዋል። አዲስ አበባ ያሉት እናታቸው በሰው በሚልኩት መልእክት ስለ ምንተስኖት አንዲት ቃል አይሉም ነበር፤ ጋሽ ይርጋ ደግሞ ይህን በደግ ተረጎመው። ስሙን የማያነሱት ተደብቆ ስላለ ነው ይል ነበር። “ምንተስኖት ሲመጣ” የሚለው አነጋገር በቤታችን እንደ “ሐሙስ” ወይም እንደ “በጋ” ያለ የጊዜ ስም ሆኖ ነበር። ምንተስኖት ሲመጣ ክፍሉ ቀለም ይቀባል። ምንተስኖት ሲመጣ ኦስቲያ ይወስደናል።

የጋሽ ይርጋ የኳስ ጨዋታም የመጣው ከዚያው ከኦስቲያ፣ ከሮማ ወረድ ብሎ ካለው የባሕር ዳርቻ ነው። ጋሽ ይርጋ በበጋ ባሕሩ ዳር ጃንጥላና ተጣጣፊ ወንበር ይሸከም ነበር። አንድ ቀን የጣሊያን ጎረምሶች አሸዋው ላይ ጫፍና ጫፉ የሾለ ኳስ ይወራወራሉ፤ ያኔ የግል ቴሌቪዥን ጣቢያዎች የአሜሪካን ፉትቦል ማሳየት የጀመሩበት ወቅት ስለነበር ወጣቱ ሁሉ በዚያ ተለክፎ ነበር። ኳሷን ነፋስ ወሰዳት። ጋሽ ይርጋ የያዘውን ጃንጥላ ጥሎ በውኃው ጠርዝ ሮጠና፣ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ በትከሻው በኩል ስትወርድ እቅፉ ውስጥ ተቀበላት። ጎረምሶቹ አላመኑም። ደግመው ወረወሩለት፣ ደግሞ ያዘ። በጋው ሲያልቅ የቡድናቸው አባል ሆኖ ነበር።

ቡድኑ ድሃ ነበር። የራስ ቁሮቹ፣ ካስኮ የሚሏቸው፣ ናፖሊ ካሉ የአሜሪካ ወታደሮች በአሮጌነት የተገዙ ናቸው። በጋሽ ይርጋ ካስኮ ውስጥ፣ ከስፖንጁ ሥር፣ የሌላ ሰው ስም በቀለም ተጽፎ ግማሹ በላብ ጠፍቷል። ማታ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጠው ፊት የሌለው ራስ ከእኛ ጋር እራት የቀረበ ይመስለኝና አቅጣጫውን አዞረዋለሁ። ጠዋት ስነሳ ወደ በሩ ዞሮ አገኘዋለሁ። ያዞረው ጋሽ ይርጋ ይሁን አይሁን አንድም ቀን አልጠየቅሁትም፤ ያን ያህል ደፋር ልጅ አልነበርሁም።

ሴቶቹ ግን ይስቁበት ነበር። በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት እማማ ተዋበች፣ ከጣሊያን ቤተሰብ ጋር ገና በጃንሆይ ዘመን ሮማ የገቡት፣ ኳሷን እያገላበጡ አይተው ምን ሰው ተቀምጦባት ነው እንዲህ የሆነችው አሉ። የልብሱን የትከሻ መደገፊያ እናቴ ስታጥብ ያዩ እንደሆነ ደግሞ፣ አስካለ፣ በሬ ጠምደሽ ነው ወይ ይሏታል። ለእህቱም ወንድምሽን ጥርሱ ሳይረግፍ ዳሪው ብለው ይመክሯት ነበር። እትዬ ዘነበች እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። አንድም ቀን ግን ሲጫወት አላየችውም። እሑድ ጠዋት የሲኞራዋን ቁርስ ሳታነሳ አትወጣም።

እናቴ አንዳንድ ጊዜ ከእሱ ጋር ትሰደኝ ስለነበር እኔ አይቻለሁ። ሁለት ሥራ ነበረው። አንደኛው ተቀባይ መሆን ነው፤ ወርዋሪው ኳሷን ገና ከመልቀቁ በፊት ሮጦ፣ ትወድቃለች ብሎ በገመተው ቦታ ተገኝቶ መያዝ። ሁለተኛውን የሚወደው የለም። ሌላው ቡድን ኳሷን በእግሩ መትቶ ወደ ሰማይ ሲልካት፣ አንድ ሰው ከሜዳው መጨረሻ ብቻውን ቆሞ ይጠብቃታል። ኳሷ አናት ላይ ስትንሳፈፍ የባላጋራው ቡድን በሙሉ ወደ እሱ እየጋለበ ነው። እሱ ግን ወደ ላይ ነው የሚያየው። ይዞ ወደ መጡበት አቅጣጫ፣ በመካከላቸው ሰንጥቆ መሮጥ አለበት። ያ ብቻውን የሚቆመው ጋሽ ይርጋ ነበር። ከሩቅ ሳየው ለቅጣት የቆመ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ከዚህ ማምለጫ አለ። ኳሷ ገና አየር ላይ ሳለች አንድ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ካወዛወዘ፣ አልሮጥም ማለት ነው፤ ማንም እንዳይነካው ሕጉ ይከለክላል። ጋሽ ይርጋ እጁን አንስቶ አያውቅም። አሠልጣኙ ከዳር ሆኖ ይጮህበታል። ጓደኞቹ ፓዞ ይሉታል፣ ዕብዱ ማለታቸው ነው። አንድ ቀን ከንፈሩ ተሰንጥቆ ወደ ቤት ስንመለስ ትራም ውስጥ ለምን እንደማያነሳ ጠየቅሁት። መስኮት መስኮቱን እያየ፣ እኛ አገር እጃቸውን ያነሡትን አይቻቸዋለሁ አለኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻውን የሚለማመደው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የጥንቶቹ ሮማውያን ውኃ ያወርዱበት በነበረው ባለ ቅስት ግንብ ሥር ነው። በጎች ይግጡበታል። ካፖርቱን ታቅፌ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። እሱ ኳሷን ራሱ ወደ ላይ ወርውሮ ይይዝና በግንቡ ጎን ይሮጣል። መጀመሪያ የሰማሁት እዚያ ነው። የእሱ እግር ረጅም ነው፣ መሬቱን አልፎ አልፎ ነው የሚነካው። ከእሱ ኋላ ግን ቶሎ ቶሎ የሚል፣ ቀለል ያለ ሌላ ሩጫ ነበር። እሱ ሲፈጥን ይፈጥናል። እሱ ሲቆም ጥቂት ዘግይቶ ይቆማል።

ብዙ ቅዳሜ ዝም ብዬ ከሰማሁ በኋላ፣ ውኃ ሊጠጣ ወደ እኔ ሲመጣ ከኋላህ የሚሮጠው ማን ነው ብዬ ጠየቅሁት።

የጠርሙሱን ክዳን እንደያዘ ቆመ። “አንቺም ትሰሚዋለሽ?” አለኝ።

“አዎ፣ ጋሼ።”

አጠገቤ ቁጭ አለ። ያን ቀን ነው የነገረኝ፤ ለልጅ እንደሚነገር አሳጥሮ፣ ግን ምንም ሳይዋሸኝ። የቀበሌ ጥበቃዎች በፊት በር ሲገቡ እሱና ምንተስኖት በጓሮ ወጡ። አጥሩን እሱ ቀድሞ ዘለለ። ከዚያ ቁልቁል ወደ ወንዙ ሮጡ። ሊዞር ሲል ምንተስኖት ከኋላው “አትዙር፣ አለሁ” አለው። መንገዱን ሁሉ ኮቴውን እየሰማ ሮጠ። በአትክልት ቦታው መሐል ሰማው፣ በድንጋዮቹ ላይ ሰማው፣ ውኃው ውስጥ ሲገባም ሰማው። ማዶ ወጥቶ ሲዞር ማንም አልነበረም። ተኩስ ግን ከኋላው አልሰማም። “ተኩስ ብሰማ ኖሮ አውቅ ነበር” አለኝ። “ወንዙ ድረስ አብሮኝ ነበር። ከወንዙ ወዲያ ሌላ መንገድ ይዞ ነው።”

ኋላ ትልቅ ሆኜ በዚያ ግንብ አጠገብ ሌሎች ሰዎች ሲሮጡ አዳምጫለሁ። ግንቡ ድምፅ ይመልሳል፤ የአንድ ሰው ሩጫ የሁለት ሰው ይመስላል። ይህን ማወቄ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀጥሎ የምጽፈውን ግን በዚህ ላስረዳ አልችልም፤ ሜዳው ግንብ አልነበረውም።

በዚያ ዓመት ከሰሜን፣ ከሚላኖ፣ አንድ ሰው ሊያየው መጣ። የትልቅ ቡድን ሰው ነው። ለጋሽ ይርጋ የመካኒክ ሥራ፣ ማደሪያና ሶጆርኖ እንደሚሰጡት፣ የመኖሪያ ወረቀት ማለት ነው፣ ቁርጥ አድርጎ ነገረው። ቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለ ዕድል ገጥሞት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እሱ እንቢ አለ። ምንተስኖት የሚያውቀው የዚህን ቤት አድራሻ ብቻ ነው፤ ሱዳን ሳለሁ በአገኘሁት ሰው ሁሉ የላክሁለት ይህንኑ ነው፤ ቢመጣና ባያገኘኝስ አለ። እትዬ ዘነበች ያን ሐሙስ አልሳቀችም። እኔ አለሁ አይደል፣ አስካለ አለች አይደል ብላ ለመነችው። እኔን ነው የሚፈልገው፣ ከእኔ ጋር ነው የወጣው አላት። የሚላኖው ሰው በግንቦት፣ በወቅቱ የመጨረሻ ጨዋታ ተመልሶ እንደሚመጣና ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ሰው እንደሚወስዱ ተናግሮ ሄደ።

ግንቦት ሲገባ አቶ ግዛው መጡ። አቶ ግዛው በአንድ ዓለም አቀፍ የእርሻ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ሲሆኑ ክራባታቸውን ለእሑድም የማያወልቁ፣ የሴቶቹን ጉዳይ ሁሉ የሚያስፈጽሙ ሰው ናቸው። ለዕረፍት አዲስ አበባ ሄደው መመለሳቸው ነበር። ዕለቱ ሐሙስ ነው። እትዬ ዘነበችን ሲኞራዋ እንግዳ አለብኝ ብላ አስቀርታታለች፣ ጋሽ ይርጋ ሥራ ላይ ነው። እኔ ጥቁር የትምህርት ቤት ሽርጤን እንደለበስሁ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። አቶ ግዛው የቀረበላቸውን ሳይነኩ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተናገሩ። ምንተስኖት የለም። የሞተው ያኔውኑ ነው፣ ወንድሙ የወጣ ቀን። እናትየው ያውቃሉ። አስከሬን አልተሰጣቸውም፣ ማልቀስም ተከልክለው ነበር። ለልጆቻቸው ያልነገሯቸው ሰው አገር ብቻቸውን ሆነው መርዶ እንዳይሰሙ ብለው ነው። ለአቶ ግዛው ያሉት ይህን ነበር፤ “ሁለቱም አንድ ላይ ሆነው፣ ቤታቸው ውስጥ፣ ሰው ከቧቸው ንገርልኝ። ያለዚያ አደራዬን በላህ።”

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው አለቀሱ፤ ግድግዳው ስስ ነው። ከዚያ ተመካከሩ። መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው። እትዬ ዘነበች ግን በማለዳ አትገኝም። የሚሻለው መጪው እሑድ፣ ቁርስ አንስታ እንደመጣች ነው ተባለ። እሑዱ የመጨረሻው ጨዋታ ቀን መሆኑን የሚያውቅ ከመካከላቸው አልነበረም። እኔም አላውቅም ነበር።

ከሐሙስ እስከ እሑድ ቤታችን ውስጥ የነበረውን ጸጥታ እስከ ዛሬ በሌላ ቤት አላገኘሁትም። ጋሽ ይርጋ እንደ ወትሮው ጉልበቱን በካንፎራ ያሻል፣ ያፏጫል፣ የወንድሙን አልጋ አንሶላ ይለውጣል። እናቴ ዓይኑን ማየት አቅቷት ሳህኑን ብቻ ታያለች፤ እየሞላች ትጨምርለታለች።

“ምነው አስካለ፣ ልታርጂኝ ነው የምታሰቢኝ?” አላት።

“ዝም ብለህ ብላ፣ እሺ? ቫ ቤኔ?” አለች፤ ከዚያ ቧንቧውን ከፍታ ጀርባዋን ሰጠችው። ኮሪደሩ ውስጥ ስሄድ ከኋላዬ ሰው ያለ ይመስለኝ ስለነበር ግድግዳውን ተጠግቼ ነበር የምሄደው። የሞተ ሰው ስም በቤት ውስጥ እንደ ሕያው ሲጠራ እንደዚያ ይሆናል መሰለኝ። “ምንተስኖት ሲመጣ” በተባለ ቁጥር እናቴ ትንሽ ቀና ብላ በሩን ታያለች።

እሑድ ሴቶቹ በማለዳ፣ አንድ በአንድ፣ ደወል ሳይደውሉ መጡ። አቶ ግዛው ጥቁር ልብስ ለብሰዋል። የጋሽ ይርጋ ክፍል ሲከፈት ባዶ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ከቡድኑ ጋር ወጥቶ ነበር። ምን እንደሚደረግ ሳይወስኑ እትዬ ዘነበች ደረጃውን እየዘለለች ገባች። ሲኞራዋ ቀደም ብላ ለቃታለች። ትልቅ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። ያን ሁሉ ሰው በአንድ ክፍል ስታይ ቆመች። ፊቷ መለወጥ ሲጀምር እናቴ ቀደመቻት። “አሎራ፣ እንግዲህ ዛሬ የወንድምሽን ጨዋታ ልናይ ነው። ሁላችንም” አለቻት።

እትዬ ዘነበች ደስታዋን መቆጣጠር አልቻለችም። ሁሉንም ሳመቻቸው። አቶ ግዛውን ሳይቀር ሳመቻቸው፤ እሳቸውም ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመው ተሳሙ። ለአንዷ ብቻ መንገር አይቻልም፣ መንገድ ላይ መንገርም አይቻልም። ስለዚህ መርዶውን እንደያዝን በአውቶቡስ ወደ ሜዳው ሄድን፤ ጨዋታው ሲያልቅ ሁለቱን ይዘን ልንመለስ።

ሜዳው አኒየኔ ወንዝ ዳር ነው። በግንቦት የወንዙ ዳር ዛፎች ነጭ ጥጥ ይለቃሉ፤ ያን ቀን አየሩን ሞልቶት ነበር። ነፋስ ስለሌለ አይወርድም አይወጣም፣ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል። ተጫዋቾቹ በዚያ ውስጥ ፊት የሌላቸው ሆነው ይመጣሉ ይሄዳሉ። ድምፁ ሁሉ በጥጥ እንደታፈነ ነው። እኛ ነጭ ነጠላ ለብሰን ከመስመሩ ጀርባ ተደረደርን። የሚላኖው ሰው ከፍ ብሎ ተቀምጧል። እትዬ ዘነበች የትኛው ነው፣ የትኛው ነው እያለች ትጠይቀኛለች። መጨረሻ ላይ ብቻውን የቆመው ነው አልኋት።

“ለምን ብቻውን አቆሙት?”

“ሥራው ነው።”

“ቀጥተውት እንዳይሆን” አለችና ሳቀች።

እማማ ተዋበች አጠገቧ ነበሩ። ቤት እስክንደርስ ማንም ምንም እንዳያሳይ ተማምለናል። እሳቸውም አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ነገር ግን ነጠላቸውን እንደ ዓመት በዓል አጣፍተው በሟቹ እህትና ወንድም ፊት መቆም አልሆነላቸውም። አስበውበት ይሁን እጃቸው ለምዶት አላውቅም፣ ቀስ ብለው አወለቁት፤ ዘቅዝቀው፣ ጥለቱን አንገታቸው ላይ አድርገው፣ ለለቅሶ እንደሚለበሰው ለበሱት። እትዬ ዘነበች ሜዳውን እያየች ስለነበር አላስተዋለችም። እናቴ ግን አየችና እጄን ጨበጠችኝ።

ኳሷ ተመታች። ጥጡን ሰንጥቃ ወጣች። የባላጋራው ተጫዋቾች መሮጥ ጀመሩ፣ መሬቱ ሲነዝር በጫማዬ ተሰማኝ። ጋሽ ይርጋ ራሱን ወደ ላይ ቀና ሊያደርግ ሲል እኛን አየን። የካስኮው ፍርግርግ ወደ እኛ ዞሮ ቆመ። ከሜዳው መጨረሻ እስከ እኛ ድረስ ብዙ ነው፤ ፊት አይለይም። ነጠላ አለባበስ ግን ይለያል።

እጁን አነሳ።

ጣቶቹ እንደተዘረጉ ቀስ ብሎ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘው። ከጓደኞቹ አንዱ ምን ሆነ እያለ በጣሊያንኛ ጮኸ። ኳሷ ወረደች፣ በሌላው እጁ ደረቱ ላይ ተቀበላት። ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ሊጥሉት የመጡት ሁሉ ከፊቱ ቆሙ። ሜዳው ላይ የሚንቀሳቀስ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ቶሎ ቶሎ የሚል፣ ቀለል ያለ የአንድ ሰው ሩጫ በደረቁ መሬት ላይ ከኋላው መጣ፤ ደረሰበት፤ ቆመ። ጋሽ ይርጋ ዞሮ አየ። ከኋላው ጥጥና ወንዙ ብቻ ነበሩ።

ይህን ስጽፍ እጠነቀቃለሁ። ልጅ ነበርሁ፣ የተነገረኝን ታሪክ በጆሮዬ ይዤ ነበር የሄድሁት። ግን እናቴም በዚያች ቅጽበት ቀና ብላ ወደዚያው አየች።

ኳሷን ለዳኛው ሰጥቶ ወደ እኛ መጣ። አሠልጣኙ ሲጠራው አልዞረም። ካስኮውን አውልቆ መጀመሪያ የቆመው አቶ ግዛው ፊት ነው፤ ጎንበስ ብሎ፣ እህቱ በማትሰማው ድምፅ “እናቴ ናት?” አላቸው። አቶ ግዛው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አይደሉም ለማለት። ሌላ አልጠየቀም። ወደ እትዬ ዘነበች ዞሮ ዳቦውን ከእጇ ተቀበላት።

“ቤት እንሂድ፣ እህቴ” አላት።

“አላለቀም እኮ፣ አንተ። ገና አሁን ደረስን።”

“የእኔ አልቋል።”

አውቶቡሱ ውስጥ ያን ግዙፍ ትከሻ እንደለበሰ፣ ዳቦውን ታቅፎ ከእህቱ አጠገብ ተቀመጠ። ፀጉሩ ላይ ጥጥ ነበር፤ እየሳቀች ትለቅምለታለች። ምን ቢሆን ነው ሁሉም ዝም ያለው፣ ተሸንፈን ነው ወይ ትላለች። እሱ ይመልስላታል። ስለ ሲኞራዋ ጠየቃት፣ ስለ ሲኞራዋ ውሻ ጠየቃት። እናታቸው አደራ ያሉትን ማንም አልነገረውም፤ ግን ቤት እስክትገባ ድረስ መርዶውን ተሸክሞላት ሄደ። ብዙ ጊዜ ሲሮጥ አይቼዋለሁ። እንደዚያ ሲደክም አይቼው አላውቅም።

ቤት ገብተን በሩ ሲዘጋ አቶ ግዛው ተናገሩ። ስለ ለቅሶው አልጽፍም። ከታች ያሉት ጎረቤቶች ወጥተው ደረጃው ላይ ቆመው እንደነበርና አንዷ ሳትጠየቅ ለሴቶቹ የሚሆን ወንበር እንዳመጣች ግን አስታውሳለሁ። ለቅሶው ጋብ ሲል ጋሽ ይርጋ የት ነው የሞተው ብሎ ጠየቀ። አቶ ግዛው ሊያመልጡት ፈልገው ነበር። ከዚያ እናትየው በዓይናቸው ያዩትን ተናገሩ። አጥሩ ላይ ነው። አንተ እንደዘለልህ፣ እሱ እግሩን ሊያነሳ ሲል በሰደፍ መቱት። ወደ ውስጥ ነው የወደቀው፣ ከግቢ አልወጣም።

“አይደለም” አለ ጋሽ ይርጋ፤ ቁጣ የለበትም፣ የተሳሳተ ሰው እንደማረም ነበር። “ወንዙ ድረስ ከኋላዬ ነበር። አነጋግሮኛል።”

እማማ ተዋበች እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቱን ያዙት። “ታዲያ ሳይሸኝህ ይቀራል፣ ልጄ?” አሉት። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰው።

አርባው ከወጣ በኋላ ወደ ሚላኖ ሄደ። የቡድኑ ሰው እጁን ያነሳበትን ምክንያት ከጓደኞቹ ሰምቶ ኖሮ ጠብቆት ነበር። ጥቂት ዓመት ተቀባይና መላሽ ሆኖ ተጫወተ፤ እትዬ ዘነበች እንደምትለው እዚያ ማንም ፓዞ ብሎት አያውቅም፣ መሮጥ በማይገባው ጊዜ እጁን ያነሳ ነበር። ከዚያ ጉልበቱ እምቢ አለው። አሁን መኪና ይጠግናል፣ ልጆች ወልዷል።

ሲሄድ አንድ ቦርሳ ብቻ ነበር የያዘው። እናቴና እኔ እስከ መንገዱ ሸኘነው። ከሕንፃው ስንወጣ በሩ አጠገብ ካለው የደወል ሰሌዳ፣ ከቺቶፎኖው ፊት ቆመ። ያን ጊዜ ነው ያስተዋልሁት። እስከዚያ ድረስ ቁመቴ ስለማይደርስ የእኛን ቤት መስመር አንብቤው አላውቅም ነበር። ከእናቴ ስም ሥር፣ በጎማ ቤት ቀለም፣ በላቲን ፊደል፣ በጥንቃቄ “ምንተስኖት” ተብሎ ተጽፏል። የራሱን ስም ግን አልጻፈም። እናቴ ላንሳው ወይ ብላ በዓይኗ ጠየቀችው።

“ተይው” አላት። “ወንዙ ድረስ የመጣ እዚህም አይጠፋውም። እኔ ባልኖር አንቺ ክፈቺለት።”

እናቴ እሺ አለችው።

ሕንፃው ከዚያ ወዲህ ታድሷል። ቺቶፎኖው ሲለወጥ አስተዳዳሪው በየቤቱ እየዞረ የሚጻፉትን ስሞች ጠየቀ፤ እናቴ ሁለቱንም ስም ሰጠችው። ሁለተኛው ማን ነው ሲላት የቤተሰብ ነው አለችው። አሁን በናስ ላይ ተቀርጿል። አንዳንድ ከሰዓት እኔ እያነበብሁ፣ እሷ ልብስ እየተኮሰች ሳለን ደወሉ ይጮኻል። ብዙውን ጊዜ ማስታወቂያ በታኝ ወይም የተሳሳተ ሰው ነው፤ አንዳንዴ ማንም ደረጃውን አይወጣም። እናቴ ማን ነው ብላ አትጠይቅም። ካውያዋን አቁማ ትነሳለች፣ የታችኛውን በር መክፈቻ ትጫናለች፣ የእኛን በር ገርበብ አድርጋ ትተወዋለች፤ ከዚያ ወደ ልብሱ ትመለሳለች።